ከሞዴል መሳል በለገጣፎ መንገድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከካራ ወዲያ፣ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን ሰው ፊታችን አስቀምጠን እንስላለን፤ አዲስ የሚመጣ ሁሉ የሚጠይቀንን እዚህ ጽፈናል።

ስትሰበሰቡ ምንድን ነው የምታደርጉት?

አንድ ሰው መሀል ላይ ይቆማል ወይም ይቀመጣል፤ እኛ ዙሪያውን ከበን እንስለዋለን። ሞዴል የምንለው እሱን ነው። ሞዴሉ ሳይንቀሳቀስ የሚይዘውን አቋም ፖዝ እንለዋለን። ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ በአጫጭር ፖዞች እንጀምራለን፤ 30 ሰከንድ፣ 1 ደቂቃ፣ 2 ደቂቃ። እጅ ሲፍታታ ወደ 5 እና ወደ 10 ደቂቃ እናልፋለን። ከሻይ በኋላ አንድ ረጅም ፖዝ አለ። 20 ደቂቃ ይሳላል፣ ሞዴሉ ያርፋል፣ ከዚያ ወደዚያው ቦታ ይመለሳል። 6 ሰዓት ሲሆን ሥራዎቹን መሬት ላይ ደርድረን እናያለን፣ እንተቻቻለን፣ እንበታተናለን።

ትምህርት ቤት አይደለንም። አስተማሪ የለም፣ ሰርተፍኬትም የለም። ሥርዓት ያለው ትምህርት ለሚፈልግ፣ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱትና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስማቸውን ይዞ ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። በሙያው ተመርቀው እኛ ጋ የሚመጡም አሉ። ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ ዝም ብሎ የሚቀመጥላቸው ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

መሳል አልችልም። መምጣት እችላለሁ?

ኑ። ሒሳብ ሠራተኛ አለ፣ ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጡ አባት አሉ። የመጀመሪያ ቀን ሥዕል ያስቃል፤ የሁሉም ሰው። የምንጠይቀው በሰዓት መድረስና ፖዝ በተያዘበት ሰዓት ዝም ማለት ብቻ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከወላጁ ጋር መጥቶ መሳል ይችላል። ሞዴል ግን ከ18 ዓመት በታች አንቀበልም፤ ወላጅ ቢፈቅድም።

ሞዴሉ ልብሱን ያወልቃል እንዴ?

በብዛት የሚጠየቀው ይኸ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለብቻ ጠራ አድርገው በሹክሹክታ። መልሱ አያወልቅም ነው። ወንዶች በቁምጣና በካናቴራ፣ ሴቶች በታይትና ሰውነት ላይ በሚቀመጥ ቲሸርት ይቆማሉ። ጉልበት፣ ክርን፣ አንገት፣ ትከሻ ሁሉም ይታያል። ለጀማሪ ይኸ ከበቂ በላይ ነው፤ ለነባሩም አልቆ አያውቅም።

በአውሮፓ አካዳሚዎች እርቃን ሰው መሳል ለዘመናት የትምህርቱ መሠረት ነበር። እዚያም ቢሆን ነገሩ ያለ ጭቅጭቅ አልሄደም። የለንደኑ ሮያል አካዳሚ ሴት ተማሪዎቹ እንዲህ ካለ ሞዴል እንዲስሉ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው፤ ያውም ሞዴሉ በከፊል ተሸፍኖ። ፊላዴልፊያ ውስጥ ደግሞ ቶማስ ኤኪንስ የተባለው ሠዓሊና መምህር፣ ሴቶች ባሉበት ክፍል የወንድ ሞዴል ግልድም በማንሳቱ እ.ኤ.አ. በ1886 ሥራውን እንዲለቅ ተገዷል። እኛ የምንኖርበትን ሰፈር እናውቀዋለን። በሩ ገርበብ ብሎ ነው የሚውለው፤ ጎረቤት ብቅ ብሎ ቢያይ የሚደበቅ ነገር የለም።

እንዲያውም ልብስ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ጋቢ የለበሱ አዛውንት ተቀምጠውልን ያውቃሉ፤ የዚያን ቀን ማንም ወደ ቤቱ መሄድ አልፈለገም። ነጠላ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ክንድ ያሳያል። ጋቢ ወፍራም ስለሆነ የራሱን ቅርጽ ይዞ ይቆማል። ጀማሪ ያየውን እጥፋት ሁሉ ሊስል ይሞክርና ሥዕሉ የተጨማደደ ወረቀት ይመስላል። እጥፋት የሚነሳው ጨርቁ ከተንጠለጠለበት ወይም ከተወጠረበት ቦታ ነው፤ ከትከሻ፣ ከክርን፣ ከጉልበት። ከሥሩ ያለውን አካል የሚናገሩትን ሦስት አራቱን መርጣችሁ ሳሉ፤ ሌላውን ተዉት።

የት ነው? እንዴት ይደረሳል?

ቦታው በአንድ አባላችን ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ክፍል ነው። ከመገናኛ የለገጣፎ ታክሲ ይዛችሁ በኮተቤና በካራ አልፋችሁ ትመጣላችሁ። የሰው መኖሪያ ስለሆነ ትክክለኛውን አቅጣጫ የምንልከው ለተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ክረምት ላይ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ያለው መንገድ ጭቃ ነው፤ ነጭ ስኒከር አታድርጉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲወርድበት የስልክ አላርም አይሰማምና ሰዓት የሚይዘው ሰው ያጨበጭባል።

ለምን በጧት ሆነ ለሚሉን፦ አንደኛ ብርሃኑ፣ ሁለተኛ የታክሲው ሰልፍ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መገናኛ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል።

ምን ይዤ ልምጣ?

ገንዘብ አታፍስሱ። ከስቴሽነሪ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት ግዙ፤ ቢሮዎች ለስብሰባ የሚሰቅሉት ትልቁ ወረቀት ነው። ስስ ነው፣ ዕድሜውም አጭር ነው፤ ግን ለአጫጭር ፖዝ ከዚህ የተሻለ የለም። ውድ ወረቀት ላይ ሰው ይጠነቀቃል፤ የሚጠነቀቅ እጅ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ለወረቀቱ ድጋፍ አናጢ ቤት የተረፈ ኮምፔንሳቶ ቁራጭና ሁለት ክሊፕ ይበቃል። እርሳስ ከሆነ ለስላሳው፣ 4ቢ ወይም 6ቢ ይሁን። ኤችቢ ለዚህ ሥራ ይደርቃል።

ለሥዕል የተሠራ ከሰል ካላገኛችሁ ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። እንደ እስክሪብቶ የቀጠኑ ቀጥ ያሉ ጭራሮዎች ልጣጩን ልጡና ክዳን ባለው ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጠቅጥቁ። ክዳኑን በምስማር አንድ ቦታ ብሱና እሳት ውስጥ አስቀምጡት። በቀዳዳው የሚወጣው ጭስ ሲያቆም ደርሷል። ጣሳው ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ግን አትክፈቱት፤ አየር ሲገባ እንደገና ይቀጣጠልና አመድ ይሆንባችኋል። ከቡና ማፍያው የተረፈውን ከሰል ይዘው የሚመጡ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ስለሆነ ወረቀቱን ይቧጭራል እንጂ አይጽፍም።

ለማጥፊያ ላጲስ ይበቃል። ዱሮ ሠዓሊዎች ከሰል የሚያጠፉት ለስላሳውን የዳቦ ውስጥ አድበልብለው ነበር፤ ዛሬም ይሠራል። እኛ ጋ አንዴ ሞክረነው ከጡረተኛው አባታችን «እህል ላይ ቀልድ የለም» ተብለናል። ሥራው እንዳይጠፋ ፀጉር ስፕሬይ ከራቅ ብሎ መርጨት ይቻላል። ውጭ ወጥታችሁ እርጩ፤ ክፍል ውስጥ ከተረጨ ሁላችንንም ሳል ይይዘናል። ከጊዜ ብዛት ወረቀቱን ቢጫ ሊያደርገው ስለሚችል ለመሸጥ ባሰባችሁት ሥራ ላይ አትጠቀሙበት።

ስንት ይከፈላል?

መጠኑ ስለሚቀያየር ስትመዘገቡ ይነገራችኋል። የገንዘቡ አካሄድ ግን እንዲህ ነው። ከሚዋጣው መጀመሪያ የሚነሳው የሞዴሉ ክፍያ ነው፤ ቀጥሎ ሻይ፣ ቀጥሎ መብራት። ሞዴሉ የሚከፈለው በሰዓት ነው፤ ሳይጀምር በፊት ዋጋው ይነገረዋል፤ ሲጨርስ እዚያው በእጁ ወይም በቴሌብር ይቀበላል። ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣም ሙሉ ይከፈለዋል። «ለጥበብ ብሎ በነፃ ይቁምልን» የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ይነሳል። የሚያነሳው ሰው ራሱ ለ20 ደቂቃ እጁን አንስቶ እንዲቆም እንጋብዘዋለን።

ከፎቶ ብስል ምን ይጎድለኛል?

ፎቶ ጥላውን ጥቁር አድርጎ ይደፍነዋል፤ ዓይናችሁ ግን ጥላው ውስጥም ጉንጭና አገጭ ያያል። ስልክ ቀረብ ብሎ ሲያነሳ ወደ ፊት የተዘረጋን እጅ ከልክ በላይ ያተልቃል፤ ከዚያ ፎቶ የሳለ ሰው ያንን ስህተት ይዞ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው አይደክመውም። ሕያው ሞዴል ከአምስት ደቂቃ በኋላ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ ክብደቱን ወደ አንድ እግር ይጥላል። ሥዕሉ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ፎቶ አትጠቀሙ እያልን አይደለም። ከሰው ብዙ የሳለ ሰው ፎቶ ሲያይም የጎደለውን ያውቃል።

በ30 ሰከንድ ምን ይሳላል?

ሰውየው የሚያደርገው ነገር ይሳላል። ዓይን የለም፣ ጣት የለም፣ ጫማ የለም። ከጭንቅላት ተነስቶ በአንገት፣ በጀርባ፣ በወገብ አድርጎ ክብደቱ ወዳረፈበት እግር የሚወርደውን አንድ ትልቅ መስመር ፈልጉ። እሱን ካገኛችሁ ሥራው አልቋል። ጊዜ ከተረፋችሁ ትከሻው ወዴት እንዳዘነበለና ዳሌው ወዴት እንዳዘነበለ ሁለት ሰረዝ ጨምሩ። ሰው በአንድ እግሩ ሲደገፍ ዳሌው በዚያ በኩል ከፍ ይላል፤ ትከሻው ብዙውን ጊዜ በዚያው በኩል ዝቅ ይላል። ይህቺ ዝንባሌ ከጠፋች ሰውየው እንደ ምሰሶ ይገተራል።

በጣት ሳይሆን በክንድ ሳሉ። ከቻላችሁ ቆማችሁ። እርሳሱን እንደ መጻፊያ አትጨብጡት፤ ጎኑን ወረቀቱ ላይ አስተኙት። ሰዓቱ ሲያልቅ ገጹን ገልብጡና ቀጥሉ፤ ያለፈውን ለማረም አትመለሱ። ይሄኛው ለብዙ ሰው ከባዱ ነው። በተለይ አርክቴክቶች ይሠቃያሉ።

ሞዴል ለምትመርጡ፦ ለአጭር ፖዝ ተወዛዋዥ የሚያህል የለም። የሰውነት ክፍሎቹን ለየብቻ ማዘዝ ይችልበታል፤ እስክስታ የለመደ ትከሻ ደግሞ አቀማመጡ ራሱ ሌላ ነው።

ጭንቅላት ይተልቅብኛል፤ እግር ሳልደርስ ወረቀት ያልቅብኛል። ምን ላድርግ?

ሁሉም ሰው ከጭንቅላት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ጉልበት ላይ ያልቃል። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ሁለት ጭረት አድርጉ፤ አናቱ እዚህ፣ እግሩ እዚህ። ቀጥሎ መካከሉን አግኙ። የቆመ አዋቂ ሰው ቁመት እኩሌታ ብሽሽት አካባቢ ይወድቃል እንጂ እምብርት ላይ አይደለም። ሙሉ ቁመቱ በአማካይ ሰባት ወይም ሰባት ተኩል ጭንቅላት ይሆናል። ዓይን ደግሞ የጭንቅላቱ ቁመት እኩሌታ ላይ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ግንባሩን ቆርጦ ዓይኑን ወደ ላይ ይሰቅለዋል።

በእርሳስ መለካት እንዲህ ነው። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፣ አንድ ዓይን ጨፍኑ፣ እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ጫፉን ከሞዴሉ አናት፣ አውራ ጣታችሁን ከአገጩ አስተካክሉ። ያ መለኪያችሁ ነው፤ ወደ ታች እየቆጠራችሁ ውረዱ። ክርናችሁ ከታጠፈ መለኪያው ይለወጣልና ቀኑን ሙሉ ራሳችሁን ስታታልሉ ትውላላችሁ። ቆሞ የሚታየው ሰው የሚወድቅ ከመሰለ ደግሞ ከጉሮሮ ጉድጓድ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች ጣሉ። ክብደቱ በሙሉ በአንድ እግር ላይ ከሆነ መስመሩ የዚያን እግር ቁርጭምጭሚት አካባቢ ማግኘት አለበት።

ሞዴሉ ተቀምጦ ጉልበቱ ወደ እናንተ ሲመጣ ግን የተማራችሁትን የጭንቅላት ቁጥር ሁሉ እርሱት። ጭኑ አጥሮ ይታያል። አእምሮ «ጭን ረጅም ነው» እያለ ይከራከራል፤ እናንተ እርሳሱን እመኑ። ከዚህ የበለጠ የሚረዳው በአካሉና በወንበሩ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ መሳል ነው። ስለ ባዶ ቦታ ቀድሞ የምናውቀው ነገር ስለሌለ እንዳየነው እንስለዋለን።

የኛን ሰው ቆዳ በከሰል ስስል ወይ ፈረንጅ ይሆንብኛል ወይ ጥቁር ጉም ይሆንብኛል። ለምን?

ነጭ ወረቀት ላይ ስለሆናችሁ ነው። ብዙዎቹ የኢንተርኔት ትምህርቶች የሚያስተምሩት ነጣ ያለ ቆዳ ነው፤ ወረቀቱ ራሱ ቆዳ ይሆንና ጥላው ብቻ ይጨመራል። ጠይም ሞዴል ሲመጣ ጀማሪው ማጥቆር ይፈራና አክስቱን አሜሪካዊት ያደርጋታል። ወይ ደግሞ ሁሉንም እኩል ያጠቁርና የፊቱ ቅርጽ ይጠፋል።

ካኪ ወረቀት ግዙ፤ ያው ለፖስታና ለመጠቅለያ የሚሆነውን። ወረቀቱ የቆዳውን መካከለኛ ቀለም ይይዝላችኋል። ከሰሉ ለጥላ ብቻ፣ ነጭ ጠመኔ ብርሃኑ ለሚያርፍበት ነጥብ ብቻ። በጠቆረ ቆዳ ላይ ብርሃን ጠበብና ቦግ ብሎ ነው የሚያርፈው፤ ግንባር ላይ፣ ጉንጭ አጥንት ላይ፣ የአፍንጫ ጫፍ ላይ፣ ቅልጥም ላይ። ቅርጹን የሚናገረው ይኼ ነው። ጠመኔና ከሰል እንዲነካኩ አታድርጉ፤ ሲደባለቁ ሰውየው ሲሚንቶ ይመስላል። በመካከላቸው ወረቀቱን ባዶ ተዉት።

ሹሩባ ሲመጣ ደስ ይበላችሁ። መጀመሪያ ራስ ቅሉን ብቻ ሳሉ፤ ከዚያ የሹሩባው መስመሮች የራስ ቅሉን ክብ ተከትለው ሲዞሩ ክብነቱን ራሳቸው ያሳዩላችኋል።

የሰሜን መስኮት ምረጡ ይባላል። እኛ ጋ ይሠራል?

ግማሽ ዓመት ብቻ። ምክሩ የመጣው ከአውሮፓ ነው፤ እዚያ ፀሐይ ቀትር ላይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምትሆን የሰሜን መስኮት ቀኑን ሙሉ የማይለዋወጥ ብርሃን ይሰጣል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ስለዚህ በግንቦት የሰሜን መስኮት ሥር የቆመ ሞዴል ጥላው እየሸሸበት ይውላል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ምክሩ በትክክል ይሠራል። በሌላው ጊዜ መስኮቱ ላይ ነጭ ስስ ጨርቅ እንሰቅላለን። ክረምቱ በደመናው ምክንያት ራሱ ያለዝበዋል።

መብራት ካለ አንድ አምፖል ከአንድ ጎን፣ ከራስ ከፍ ብሎ ይበቃል። ጣሪያ ላይ ያለውን አጥፉት፤ ከሁለት አቅጣጫ ብርሃን ሲመጣ ጥላው ይምታታል። መብራት ሲጠፋ ሞዴሉን በር ላይ እናስቀምጣለን። ከምርጥ ሥራዎቻችን ጥቂቶቹ የመብራት መጥፋት ውጤት ናቸው።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው የተማርኩት። ከሰው መሳል እጄን ያበላሸዋል?

አያበላሽም፤ ግን ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ተቀበሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሱ የሚሳለው ሲወርድ በመጣ ሥርዓት ነው፤ ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ትልልቅ ሆነው። ክፉው ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሠዓሊው ፊት የተቀመጠ ሰው የለም፣ መኖርም አያስፈልገውም። እኛ ጋ ደግሞ ዕጣ ወጥቶ ከጎን የተቀመጠ ሰው የሚያየውን አንድ ዓይን ነው የሚስለው። «ዛሬም ይሁዳ ደረሰኝ» የሚል ቀልድ በየሳምንቱ እንሰማለን።

ከዚያ ትምህርት የሚመጡት አንድ ትልቅ ብልጫ አላቸው። መስመራቸው አይንቀጠቀጥም። የሚከብዳቸው አንዱ ትከሻ ከሌላው ዝቅ ሲል ማየት ነው፤ እጃቸው ያስተካክለዋል።

ሞዴል መሆን እፈልጋለሁ። ይከብዳል?

ከሚመስለው በላይ። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲቆም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ቀላል ናቸው፤ ከዚያ ያልጠበቀው ቦታ ማመም ይጀምራል። ጉልበታችሁን ገትራችሁ አትቁሙ፤ ደም ወደ ላይ መመለስ ያቅተውና ራስን ያዞራል፣ ሊጥልም ይችላል። ትንሽ አላሉት። እጅ ከራስ በላይ የሚነሳበት ፖዝ ለ1 ደቂቃ እንጂ ለ10 አይሆንም። እግር ሲደነዝዝ ወይም ሲያዞር ወዲያው ተናገሩ፤ ማንም አይቆጣም። ለረጅም ፖዝ የእግራችሁን ዙሪያ መሬት ላይ በፕላስተር ምልክት እናደርጋለን፤ ከዕረፍት ስትመለሱ ቦታችሁን አታጡም። 20 ደቂቃ ሲሞላ ዕረፍት ግዴታ ነው፤ ሠዓሊው «ትንሽ ብቻ» ቢልም።

ምርጦቹ ፖዞች ሰውነት ቀድሞ የሚያውቃቸው ናቸው። ዱላ በትከሻ አጋድሞ ሁለት እጁን በላዩ የጣለ እረኛ ረጅም ሰዓት መቆም ይችላል። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጀበና የያዘች ሴትም እንዲሁ። ከኢንተርኔት የተቀዳ የግሪክ ሐውልት አቋቋም ግን በአራት ደቂቃ ይፈርሳል።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ንገሩን። በሁዳዴ ወይም በረመዳን ምንም ሳይቀምስ የመጣ ሰው ለረጅም ሰዓት እንዲቆም አናደርግም፤ ተቀምጦ ወይም ተጋድሞ እንስለዋለን። ብርድም አለ፤ በክረምት ጧት ቁምጣ ለብሶ መቀመጥ ቀልድ አይደለም። በዕረፍት ጋቢ እናቀርባለን፣ ኤሌክትሪክ ማሞቂያም አለን። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የከሰል ጭስ ወጥቶ አለቀ ሲባል እንኳ ሽታ የሌለው ጋዝ ይቀራል፤ ሰው ይገድላል። ቡና የምናፈላው ውጭ በረንዳ ላይ ነው።

ፎቶ አንስቼ ቲክቶክ ላይ ልልቀቀው?

ሞዴሉን አይቻልም። ፖዝ ሲያዝ ስልክ ቦርሳ ውስጥ ነው። የራሳችሁን ሥዕል በመጨረሻ ላይ ማንሳት ትችላላችሁ፤ ከኋላ ሞዴሉ ሳይታይ።

የሳልኩትን መሸጥ እችላለሁ?

እዚህ ላይ ሁለት ሕጎች ይገናኛሉ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥዕሉ መብት የሠዓሊው ነው፤ ጥበቃውም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሞዴሉ ስለተከፈለው ወይም ስለተቀመጠ ብቻ የሥራው ባለቤት አይሆንም።

በሌላ በኩል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ ለሽያጭ ማቅረብ አይቻልም ይላል። ሰውየው የሚታወቅበት ሥዕል ከሆነ እንግዲህ ሥራው የእናንተ ነው፣ መልኩ ግን የሱ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ፖዝ በፊት አንድ ገጽ ስምምነት እናስፈርማለን። ለልምምድ ብቻ፣ ለኤግዚቢሽን፣ ለሽያጭ የሚሉ ሦስት መስመሮች አሉት፤ ሞዴሉ የፈቀደውን ብቻ ያመለክታል። ማንበብ ለማይችል ሰው ምስክር ባለበት ይነበብለታል። «ለልምምድ ብቻ» ካለ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ቤታችሁ ይቀመጣል። ጀርባ ብቻ የሚታይበት፣ ማንነቱ የማይለይበት ሥራ ሲሆን ነገሩ ይቀላል፤ ያኔም መጠየቅ ወጪ የለውም።

ሞዴሉ ሥዕሉን አይቶ ቢከፋውስ?

ይከፋዋል። ሥራዎቹ መሬት ላይ ሲደረደሩ ሞዴሉም አብሮ ያያል፤ ከአሥር ሥዕል ስምንቱ አይመስሉትም፣ ሁለቱ ደግሞ ከሚፈልገው በላይ ይመስሉታል። የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ያልተሳካው ሥዕል አይደለም። የተሳካው ነው፤ ድካሙን ወይም ዕድሜውን ያሳየው።

አስተያየት ስትሰጡ ስለ መስመሩና ስለ ጥላው ተናገሩ እንጂ ስለ ሰውየው አካል አትናገሩ። «ሆዱን አሳንሰኸዋል» አይባልም፤ «ይህ ክብ ከዚህኛው ይሰፋል» ይባላል። ሞዴሉ ፊቱ ላይ «ሞዴሉ» ተብሎ አይጠራም፤ አቶ ወይም እትዬ ወይም በስሙ። ሥዕል ከፈለገ አንዱን መርጦ ይወስዳል፤ ሠዓሊው መስጠት ካልፈለገ ቀድሞ ይናገር። ሥራው እንዲጠፋለት ከጠየቀ ደግሞ ለብቻ ይነጋገራሉ። አንድ ሥዕል ከማጣትና አንድ ሞዴል ከማጣት የቱ እንደሚከብድ የምታውቁት ቀጣዩ ቅዳሜ ደርሶ መሀል ላይ ያለው ወንበር ባዶ ሲሆን ነው። ያን ቀን ተራ በተራ እየተቀመጥን እርስ በርስ እንሳሳላለን፤ የመጀመሪያው ተቀማጭም ብዙውን ጊዜ ያው ሞዴሉን ያስከፋው ሠዓሊ ነው።